በሞቴ የማይባልበት አገር

ከሞጆ ወደ አዳማ ስመለስ ታክሲው ውስጥ ከፊቴ አንዲት ሴትዮና አንድ ጎልማሳ ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም። ሴትዮዋ ቆሎ ዘረጋችለት።

“ይቅርብኝ እትዬ፣ አሁን ነው የበላሁት።”

“በሞቴ፣ ያዝ።”

ያዘና ሳቅ አለ። “ጃፓን ‘በሞቴ’ የሚል የለም” አላት።

“አንተ ደግሞ ጃፓንን የት አውቀህ?”

“ፋብሪካችን ለማሽን ሥልጠና ልኮኝ ነበር። ያሠለጠኑኝ ሽማግሌ፣ ‘እሁድ በባቡር ወደ ትውልድ ከተማዬ ልውሰድህ’ አሉኝ። ተራራ ላይ ነው፤ የጥንት የእንጨት ቤት፣ የሣር ክዳን። ደርሰን ማታ እንመለሳለን አሉኝ።”

“ታድለህ።”

“‘አይ፣ አላስቸግርዎትም’ አልኳቸው።”

“መቼም ደግመው ይለምኑሃል።”

“እኔም እሱን ነው የጠበቅኩት። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝና ሄዱ።”

“በቃ? ዝም ብለው?”

“ዝም ብለው። እሁድ ጠዋት ጫማዬን ወልውዬ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አልመጡም።”

“አንተ ሞኝ፣ እምቢ ብለህ ጫማ ትወለውላለህ?”

“ማታ መጡ፤ ምግብ በሣጥን ይዘው። እዚያ ትውልድ ከተማቸው ያለችው እህታቸው ለእኔ ብላ ቀድማ ያሰናዳችው ነው።”

“ውይ። በሌላ እሁድ አትሄድም ነበር?”

“በማግስቱ ወደ አገሬ ተሳፈርኩ። እሳቸውም አምና ማረፋቸውን ሰማሁ።”

“ነፍስ ይማር” አለች።

አዳማ መግቢያ ላይ ሴትዮዋ ዞር ብላ ቆሎውን ለእኔ ስትዘረጋ፣ ‘በሞቴ’ እስክትለኝ ሳልጠብቅ መዳፌን ከፈትኩ።