የገጽ አርባ ሦስት ባለቤት

ክቡራን፣ እባካችሁ ሹካችሁን ለጥቂት ጊዜ አስቀምጡ። ዓሣው ጥቃቅን ስለሆነ ቢቀዘቅዝም ብዙ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ዛሬ ከሥራ የምንሸኛቸው ሎርድ ደርንፎርድ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ በአንድ ዝናባማ ሰኞ ነው። በዋናው በር አልገቡም። በረኛችን ሚስተር ቶድሃንተር፣ እዚያ ጥግ የተቀመጡት፣ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማቸውንና ክርኑ ላይ የተቀደደ ኮታቸውን አይተው «የድንጋይ ከሰል በጓሮ ነው የሚገባው» አሏቸው። ሎርዱ አመስግነው በጓሮ ዞሩ። ምክትል ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ሰው የመጀመሪያ የሥራ ቀናቸውን አንድ ሰዓት ከሩብ በከሰል ማከማቻ ውስጥ አሳለፉ። እኔ ያኔ ከኦክስፎርድ የወጣሁ አዲስ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ፈልጌ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። ከሁለት ከሰል ተሸካሚዎች ጋር ጆንያ ላይ ተቀምጠው ስለ ፈረስ ሰኮና ይከራከራሉ። ለምን ማንነታቸውን እንዳልተናገሩ ብጠይቃቸው «ሰውዬው እርግጠኛ ነበር፤ እኔ ግን አልነበርኩም» አሉኝ።

ሚስተር ቶድሃንተር እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቁም። አልፈርድባቸውም። ኮቱ አሁንም ያው ነው፤ ዛሬም ሎርዱ ለብሰውት መጥተዋል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላሳውቃችሁ። ነገ ጠዋት አንድ ትልቅ ጋዜጣ ስለ ሎርድ ደርንፎርድ ሕይወትና ሥራ ረጅም ጽሑፍ ያወጣል። ረቂቁን አርሜ እንድመልስ ወደ እኔ ልከውት ነበር። አሥራ አምስት ስህተት አገኘሁበት። አሥራ አራቱ የቀን፣ የስምና የፈረስ ስህተቶች ናቸው። አሥራ አምስተኛው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሰት ነው። ቢታረም ግን በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጥነው አንዱ ወንበሩን ሊያጣ ይችላል። ዛሬ በጀልባ ወደዚህ ወደ ግሪንዊች ስንመጣ ይህንኑ ለሎርዱ ነገርኳቸው። እንዳልነካው አዘዙኝ፤ በንግግሬም እንዳላነሣው አዘዙኝ። ስለዚህ ንግግሬ ሁለት ክፍል አለው፤ የፈቀዱትና የከለከሉት። በፈቀዱት እጀምራለሁ።

ሎርድ ደርንፎርድ የተወለዱት ሃያ ሁለት ሺህ ኤከር መሬት ላይ ነው። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ኦክስፎርድ ገብተው በሦስተኛ ደረጃ ተመረቁ። ሦስተኛ ደረጃ ለማግኘት ምን ያህል አለማንበብ እንደሚያስፈልግ እኔ አውቃለሁ፤ ቀላል ሥራ አይደለም። በሃያ አንድ ዓመታቸው አባታቸው የፓርላማ ወንበር ሰጧቸው። ወንበሩ የነበረበት መንደር አሥራ አንድ መራጮች ነበሩት፤ ዘጠኙ የአባታቸው ጭሰኞች፣ አሥረኛው የአባታቸው ቄስ። ምርጫው በአደባባይ በድምፅ ስለነበር ማን ምን እንዳለ ሁሉም ይሰማል። አሥሩ ደርንፎርድ አሉ። አሥራ አንደኛው፣ አንድ ጫማ ሰፊ፣ «ይሄ ልጅ ገና ነው» ብሎ ተቃወመ። ሎርዱ በነጋታው ሄደው ጫማ አሰፉ። እስከ ጫማ ሰፊው ሞት ድረስ ከሌላ ሰው ጫማ አላሰፉም። «ስለ እኔ እውነቱን የተናገረ እሱ ብቻ ነው» ይላሉ።

ከስምንት ዓመት በኋላ እንዲህ ያሉትን በባለርስት ኪስ የተያዙ የፓርላማ ወንበሮች የሚሰርዘው ሕግ ለድምፅ ሲቀርብ የራሳቸውን ወንበር ለማጥፋት ድምፅ ሰጡ። አባታቸው ስድስት ዓመት አላናገሯቸውም። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው በአሳላፊው በኩል ነበር የሚነጋገሩት። «ለልጄ ጨው አቀብለው፤ ከሃዲ መሆኑንም ንገረው።» አሳላፊው ጨውን ያቀብላል፤ ሌላውን በጨዋነት ይተወዋል።

ወደ እኛ መሥሪያ ቤት ከመጡ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወረቀት የሚይዙት በቦርሳ ሳይሆን በባርኔጣ ውስጥ ነው። ሰላምታ ለመስጠት ባርኔጣቸውን ባነሡ ቁጥር የመንግሥት ምስጢር መንገድ ላይ ይበተናል። የስንዴ ቀረጥ ስምምነት ረቂቅ ውሻቸው በላው፤ የቀረውን ሁለት አንቀጽ ይዘን ተደራደርን። ሌላው ወገን እንዲህ ያለ አጭር ውል አይቶ ስለማያውቅ በዚያው ቀን ፈረመ።

የእጅ ጽሑፋቸውንም አንርሳ። አንድ አምባሳደር በጦርነት ሊያስፈራሩን መጥተው አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ሎርዱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲጨርሱ «መልሴን በራሴ እጅ ጽፌ እሰጥዎታለሁ» አሏቸው። አምባሳደሩ እንደ ትልቅ ክብር ቆጠሩት። ኤምባሲው ደብዳቤውን አንብቦ ለመረዳት ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ እስከዚያ ድረስ የተጣላንበት ጉዳይ ተረሳ። እነሆ ሰላም በዚህ መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው የሚጠበቀው።

ስለዚህም፣ ክቡራን፣ ገጽ አርባ ሦስትን ስትሰሙ ማናችሁም አልተገረማችሁም።

አዲስ ለገቡት ልንገራቸው። ሚኒስትሮቻችን ለአምባሳደር ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ይጽፋሉ። አንደኛው የመንግሥት ነው፤ ፓርላማ ሲጠይቅ በሰማያዊ ሽፋን መጽሐፍ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው የግል ነው፤ ለማንም አይታይም። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ከሆኸንማርክ መስፍን ጋር ስለ ወንዝ ቀረጥ ስንደራደር የተጻጻፍነው ሁሉ ታተመ። በገጽ አርባ ሦስት ላይ፣ በሁለት የቀረጥ ሠንጠረዦች መካከል፣ ሎርዱ እዚያ ላለው አምባሳደራችን የጻፉት የግል ደብዳቤ ተገኘ። እንዲህ ይላል፤ «መስፍኑ እስከ ምሳ ድረስ ብልህ ሰው ናቸው። ከምሳ በኋላ የቀረበላቸውን ሁሉ ይፈርማሉ። ስለዚህ ከምሳ በኋላ አቅርብላቸው።»

መስፍኑ ያነበቡት ከምሳ በፊት ነበር። አምባሳደራቸውን ከለንደን መልሰው ጠሩ፤ ስምምነቱ ፈረሰ። ያን ሰሞን አሮጌው ጠቅላይ ሚኒስትር ታመው ነበር፤ ተተኪያቸው ሎርድ ደርንፎርድ መሆናቸውን የማያውቅ በለንደን አልነበረም። በሳምንቱ ሎርዱ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሦስት ዓመት አገር ቤት ተቀመጡ። በኋላ ዝቅ ባለ ወንበር ተመለሱ፤ ቆይቶም ወደ እኛ ዞሩ። የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ በር ግን ዳግመኛ አልተከፈተላቸውም።

እኛስ? እኛ ሳቅን። ዛሬም አንድ ጸሐፊ ፖስታ ሲያቀያይር «ገጽ አርባ ሦስት ሠራህ» እንለዋለን። ከእናንተ ይህን ያላለ የለም። እኔም ስቄያለሁ። የኔ ሳቅ ከሁላችሁ የከፋ ነው።

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ።

ሎርዱ «ላዝንቢ፣ ተቀመጥ» እያሉኝ ነው። አልቀመጥም፣ ጌታዬ። የሥልጣን ማኅተምዎን ዛሬ ጠዋት ለንግሥቲቱ መልሰዋል። በጀልባው ላይ ያዘዙኝ ከዚያ በኋላ ነው። ማኅተም የሌለው ሰው ትእዛዝ ምክር ይባላል፤ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ባርኔጣቸውን እንደ መዝገብ ቤት የሚጠቀሙት እኚህ ሰው የግል ደብዳቤያቸውን በተመለከተ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። በእያንዳንዱ ጥግ ላይ «የግል» ብለው በትልልቁ ይጽፋሉ፤ በእጃቸው ከጻፉት ሁሉ የሚነበበው ያች ቃል ብቻ ናት። ያም ደብዳቤ «የግል» ይላል። ለማተሚያ ቤት የሚሄዱትን ወረቀቶች የለየሁት እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈቀድኩም፤ ምክንያቱም ሌላ ሰው ይሳሳታል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጸሐፊያችን ሚስተር ዊችኮት በአንድ ደብዳቤ ላይ ቀን ተሳስቷል ብዬ አርባ አምስት ደቂቃ ቆሜ ተቆጣሁት። በአንድ አፍ እየተቆጣሁ በሁለት እጅ ወረቀት እለይ ነበር። ያን ደብዳቤ ወደ መንግሥት ክምር የጣልኩት ዓይኔ ዊችኮት ላይ ሆኖ ነው። ዊችኮት፣ ቀኑን በትክክል ጽፈህ ነበር። በሳምንቱ አይቼ አረጋግጫለሁ። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።

መጽሐፉ በወጣ ማግስት የሥራ መልቀቂያዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ቁርስ ላይ ነበሩ። የተቀቀለ እንቁላል አናቱን በማንኪያ እየመቱ አነበቡት።

«አራት ልጆች አሉህ አይደል?» አሉኝ።

«አምስት ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ይሄውልህ። አንተ ከሥራ ብትወጣ አምስት ልጆች ይራባሉ። እኔ ብወጣ የሚጎዱት የሊንከንሻየር ቀበሮዎች ናቸው፤ የማድናቸው በሳምንት ስድስት ቀን ይሆናላ።»

ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ እውነቱ መታወቅ እንዳለበት ነገርኳቸው። ፓርላማ ፊት ቀርቤ እንደምናገር ነገርኳቸው።

«ላዝንቢ» አሉኝ፣ «አንተ ተሳሳትኩ ብትል ማንም አያምንህም። እኔ ተሳሳትኩ ብል ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። አሁን እንቁላሌ ይቀዘቅዛል።»

መልቀቂያዬን ከእንቁላሉ ቅርፊት ጋር ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

በዚያው ቀን በሎርዶች ምክር ቤት ቆመው ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። «ደብዳቤው የእኔ ነው። እዚያ ገጽ ላይ ለመገኘቱም ኃላፊው እኔ ነኝ።» የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ አሥራ አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። ሚኒስትር ለጸሐፊዎቹ ሥራ ኃላፊ ነው፤ የተናገሩት ይህንኑ ነው። ሲቀመጡ ከባርኔጣቸው ሁለት ወረቀት ወደቀ። ምክር ቤቱ ሳቀ። ያሳመናቸው ያ ሳቅ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጥንቃቄ ስሙኝ። የሚኒስትር ዝርክርክነት ዳግመኛ በጸሐፊዎች በኩል እንዳያልፍ አዲስ የወረቀት አያያዝ ደንብ ያስፈልጋል ተባለ። ደንቡን እንድጽፍ እኔ ተመረጥኩ። ሁላችሁም እስከ ዛሬ የምትሠሩበት ነው። ጥሩ ደንብ ነው። በእሱም ምክንያት ከፍ አልኩ፤ የመሥሪያ ቤቱ ቋሚ ኃላፊ እስከመሆን ደረስኩ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ በአንድ ነጥብ ስህተት ስንቶቻችሁን አስለቅሻለሁ።

ጌታዬ፣ ተቆጥቼብዎት ኖሬያለሁ። ጥፋቴን ወሰዱብኝ። በምትኩ የቀረኝ ማመስገን ነበር፤ እሱንም ከለከሉኝ። በየገናው አንድ ፋዛን ወፍ ይልኩልኛል፤ ለእሱ እንኳ አመስግኜ ስጽፍ «ወፉ ደርሷል ማለት ይበቃል» ብለው ይመልሱልኛል። አሁን ማኅተሙ የለም፤ ይስሙኝ። ትልቁ ልጄ ሐኪም ነው። ሴቶቹ በወግ ተድረዋል። ትንሹ ኦክስፎርድ ገብቷል፤ እንደ እርስዎ ሦስተኛ ደረጃ እንዳያመጣ እሰጋለሁ። እነዚህ አምስቱ ያደጉት እርስዎ ባጡት ወንበር ዋጋ ነው። አንድም ቀን፣ ተናድደውብኝ እንኳ፣ ሪህዎ ተነሥቶብዎት እግርዎ በትራስ ላይ እያለ እንኳ፣ ጥፋቴን በዓይንዎ አላስታወሱኝም። ሥራ ላይ ስህተት የማይወድ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ያለ ሂሳብ የተሰጠ ምሕረት ምን እንደሚመስል ያየሁት በእርስዎ ብቻ ነው። አመሰግናለሁ።

የጋዜጣው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይል ነበር፤ «የአገሪቱን ከፍተኛ ሥልጣን ሊይዙ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው በራሳቸው ዝርክርክነት ወደቁ።» ከጀልባው ስንወርድ የጋዜጣው መልእክተኛ ወደቡ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። እርማቱን ሰጠሁት። ነገ የሚወጣው እንዲህ ይላል፤ «የአገሪቱን ከፍተኛ ሥልጣን ሊይዙ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው፣ ጆሳያ ላዝንቢ የተባለ ጸሐፊ የሠራውን ስህተት በራሳቸው ስም ተቀብለው ወረዱ።» አሁን ሊመለስ አይችልም፣ ጌታዬ። ማተሚያው ጀምሯል።

«ሰኞ አዲሱ ሚኒስትር ያባርርሃል» ይላሉ ሎርዱ። ሊሆን ይችላል። ቢያደርገው ትክክል ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ዘግይቷል ከማለት በቀር የማርምበት ነገር የለም።

«ዊችኮት፣ ይህን ሰው አስቀምጥልኝ» ይላሉ ደግሞ። ዊችኮት እንደማይነሣ አያለሁ። አመሰግናለሁ፣ ዊችኮት።

ክቡራን፣ ብርጭቆ ይዛችሁ ቁሙ። ሚስተር ቶድሃንተር፣ ጉልበትዎን ስለሚያምዎ እርስዎ ይቀመጡ። ሎርድ ደርንፎርድ፣ እርስዎም ይቀመጡ፤ ዓይንዎን በናፕኪን መሸፈን ከፈለጉ ማንም አያይም፣ ሁላችንም ብርጭቋችንን ነው የምናየው። ሪሁ ይተውዎት። ከሌዲ ደርንፎርድ ጋር ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት። አሥራ ሰባት ዓመት በእኔ ጥፋት ተጠርተው ኖረዋል፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በራስዎ ስም ይጠራሉ።

ለሎርድ ደርንፎርድ ስም፣ ክቡራን።