ኖራ የበላው መደብ

— ሄሎ… አዎ፣ የእንግዳ ማረፊያው ነው። አትክልተኛው ነኝ… መርስዔ ኀዘን? ደኅና ነኝ የእኅቴ ልጅ። ችግኝ ጣቢያው እንዴት ነው? ዱርቤቴስ ዘነበ?

— ቆይ። አገርነሽ፣ መወልወሉን ተዪውና በሩ ላይ ቁሚልኝ። ጓድ ኃላፊ ከሐይቁ ዳር ሲመለሱ ንገሪኝ።

— ቀጥል። በሹፌሩ የላክሁልህ አፈር ደረሰህ?… ሎሚ ጨመቅህበት?… አረፋ ደፈቀ! ኖራ ነው ብዬህ ነበር።

— ከየት መጣ ትላለህ? በየበዓሉ የግቢውን ድንጋይ ኖራ እንቀባለን። የተረፈውን የአበባ መደቡ ላይ ድፉት ተባልን… ማን? ተወው። ስም በስልክ አይጠራም።

— ሣህሉ ከእኔ በፊት እዚህ አትክልተኛ ነበር። ጽጌረዳው ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ አሻጥር ነው ብለው ወሰዱት። ሦስት ወር ሆነው… አይ፣ አልጠየቅሁም። ማን ይጠይቃል? አሁን እኔ የተከልሁትም ቢጫ መሆን ጀምሯል። ሰው ሳያይ ቅጠሉን እየቀነጠስሁ ኪሴ እከተዋለሁ። ለመስከረም ሁለት፣ ለአብዮቱ በዓል፣ መደቡ ቀይ ይሁን ብለዋል።

— እሺ፣ ኖራ የሚችል ምን አለ?… ሮማን? አበባው ቀይ ነው አይደል?… ሬትም? እሱ ድሮም ድንጋይ ላይ ይበቅላል። ለዳሩ ወይራ… መልካም። ጽጌረዳውን ነቅዬ እጥላለሁ። ሮማኑን እንቡጥ የያዘውን ምረጥልኝ። ተመስገን፣ ዳንሁ።

— ምን አልህ?… ድገመው… የእኔ ከለመለመ፣ «አፈሩ ደኅና ነው፣ ጽጌረዳውን የገደለው ሣህሉ ነው» ይላሉ?

— አምስት ልጆች አሉት እኮ።

— ምን አገርነሽ? መጡ?… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ሮማኑን ላከው። ግን አንዷን ጽጌረዳ አልነቅላትም። መሐል ላይ፣ ሁሉም በሚያያት ቦታ ትቆማለች። ቅጠሏንም አልቀነጥስም። በአንድ አፈር፣ በአንድ እጅ ሮማኑ ለምልሞ እሷ ብቻ ስትደርቅ፣ ኖራው እንጂ የሰው እጅ እንዳልገደላት ይታያል… አውቃለሁ። እኔንም ሊወስዱኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ።

— አቤት ጓድ… ስለ አበባ ነው። ቀይ ነው ጓድ… ጽጌረዳውን? እነቅለዋለሁ። አንዷ ግን ትቆይ… መታመሟንማ አይቻለሁ፣ ጓድ።

— በል መርስዔ፣ ለእናትህ ሰላም በልልኝ። አተካከሉን በወረቀት ጻፍና ከችግኙ ጋር ላከው… ለእኔማ በቃል ነገርኸኝ። ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ነው። ልዝጋው።