ቅቤ የተቀባው ፊኛ

በኛ ጊዜ እናንተ፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ፊኛ እንለቅ ነበር ስላችሁ ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ! የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጋዝ ሲሞላ ከኔ ቁመት ይበልጣል። ከሥሩ ብርዱንና እርጥበቱን የሚለካ ሣጥን እናስራለን፣ ታዲያ ከደመና በላይ ሄዶ ወሬውን በራዲዮ ይልክልናል።

እና እኔ ገና የሙከራ ሠራተኛ ነኝ። ይችን እዚህ የተቀመጠችውን ዘነበችን አጭቻለሁ፤ አባቷ ግን «ቋሚ ካልሆነ ልጄን አልሰጥም! የሙከራ ባል አለ እንዴ?» ብለው ቁርጡን ነግረውኛል።

ታዲያ አንድ ኅዳር ብርድ ሆነና ፊኛው ከካርቶኑ ሲወጣ ግትር አለ። አለቃችን ፈረንጅ ነው፣ «አንተ፣ ፊኛ ለብ ያለ ውሃ ይነክራል፣ እሺ?» አለኝ። እሺ አልኩ፤ ልቤ ግን እሺ አላለም! እስቲ ፍረዱ፤ እኔ የወገራ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ ጠፍር ውሃ ከነካው ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ የሚያለሰልሰው ቅቤ ነው። ይሄም ያው ቆዳ ነው ብዬ ከቤት ቅቤ አምጥቼ አሸሁት፣ አሸሁት። ሸጋ ሆኖ ለሰለሰ! ዘበኛችን አያ ታፈረ አይቶ «ምነው፣ ልትድረው ነው እንዴ?» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጋዙን ከፈትን። አበጠ፣ አበጠ፣ እና ቧ! አያ ታፈረ «ማርያም!» ብሎ መሬት ላይ ተደፋ። ፈረንጁ ቁራጩን አንስቶ አሸተተ። «ምንድነው ይሄ?» የቀረን ፊኛ አንድ ብቻ ነው። ልቤ ካድ ካድ ይለኛል፤ እጄ ግን እስከ ክርኔ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ እንዴት ብዬ ልካድ? «ቅቤ ነው ጌታዬ፣ እኔ ነኝ የቀባሁት፤ ጠፍር በቅቤ ነው የሚለሰልስ» አልኩና ዘነበችን በልቤ ተሰናበትኳት።

ፈረንጁ አየኝ፣ አየኝና ሳቁ አመለጠው። ደርቆ የተሰነጠቀ ጫማውን አውልቆ ሰጠኝ። «ይሄ ቆዳ፣ ቅቤ። ያ ጎማ፣ ቅቤ ያበላሻል፤ ውሃ! አንተ አይዋሽም፣ ሥራ ላይ ይቆያል።» እና የቀረውን ፊኛ እኔው ነክሬ፣ እኔው ገመዱን ይዤ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል ለቀቅኩት። ወጣ፣ ወጣ፣ ከዓይን ጠፋ። በወሩ ቋሚ ሆንኩ፣ የሰርጉም ቀን ተቆረጠ።

ዘነበች፦ «ቆይ ቆይ፣ እናቴ የላከችልህን ቅቤ ነው? ‹እየበላሁት ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ› ብለህ ልከህላት አልነበር? እኔ እኮ ነኝ የናጥኩት፣ ክንዴ እስኪዝል!»

ምን ልበል ታዲያ፣ ፊኛ ቀባሁበት ልበል? እንዲያ ብል አባትሽ አንችን ይሰጡኝ ነበር? ሃ ሃ ሃ!