ረግረጉን በእግሩ ያልረገጠው ሰው

«ይህን የጻፈው ሰው ረግረጉን በእግሩ ረግጦት አያውቅም። ከፎቅ ላይ ሆኖ ነው ያየው፤ እሱንም መነጽሩን ሳያደርግ።»

ቃል በቃል ነው ያነበብኩት። በቀይ እስክሪብቶ፣ በፕሮፖዛሌ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከስሜ ጎን የተጻፈ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። ወረቀቱ ይኸው በእጄ አለ። ቂመኛ ነው የምትሉኝ፣ ዛሬ ማስረጃ አገኛችሁ።

የጻፉት ደግሞ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ናቸው፤ እዚህ የክብር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ረግረግ፣ ዛሬ ተነስተው መሄድ ስለማይችሉ ጉዳዩን በሰው ፊት አነሳዋለሁ። የመጣሁት አንድ የቆየ ቅሬታና አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። የረግረጉ ዕጣ ያለው በጥያቄው መልስ ላይ ስለሆነ አደራ፣ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው ስላላችሁ ከመጀመሪያው ልጀምር። ከችግኝ ጣቢያ ወደ እኛ ቢሮ ተዛውረው የመጡ ዕለት ጥበቃው በር ላይ አስቆማቸው። እግራቸው ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት፣ እጃቸው ላይ ከረግረጉ የቀዱት ድፍርስ ውሃ የሞላበት ጠርሙስ።

«እናቴ፣ ችግኝ የሚራገፈው በጓሮ በር ነው» አላቸው።

«ችግኝ አላመጣሁም፣ ልጄ። አዲሷ ባለሙያ ነኝ።»

«ታዲያ ጠርሙሱስ?»

«እሱም ከእኔ ጋር ነው የሚሠራው። መዝግበው።»

መዘገበው! አትሳቅ፣ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ አንተን ነው። የዚያን ቀን የእንግዳ መዝገብ ላይ «አንድ ሴት፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።

የእኛ ክፍል ሥራ በከተማው ውስጥ የቀሩትን የተፈጥሮ ቦታዎች መንከባከብ ነው፤ የወንዙን ዳር፣ የኮረብታውን ጫካ፣ ከሁሉም በላይ ረግረጉን። ከተማው ለዚህ የሚሰጠን በጀት ስለማይበቃ ለጋሾችን በፕሮፖዛል እንጠይቃለን። ጠያቂው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪዬን በቅርቡ የያዝኩ፣ አንድ ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ከሳተች እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነበርኩ። አሁንም አይወስደኝም።

በዚያው ሳምንት የጨረስኩት ይኸው ሰነድ «ረግረጉን በቦይ አድርቀን ዛፍ እንተክልበታለን» ይላል። ካርታውን ያዘጋጀሁት በደረቁ ወራት ከተነሳ ፎቶ ነው። በፎቶው ላይ የሚታየው የተሰነጠቀ ሜዳ ስለሆነ «ባዶ መሬት» ብዬ ጻፍኩ። በፎቶው ጥግ ላይ የተነሳበት ወር በግልጽ ተጽፎ ነበር። እኔ፣ የሰው ሰረዝ የምለቅም ሰው፣ ወሩን አላነበብኩም።

ያን ቀይ ጽሑፍ ሳይ ደሜ ፈላ። በቁጥርና በቀን የታሰረ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ «ላሰፈሩት አስተያየት በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ።» በአምስተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ የጎማ ቦት ተቀምጦ አገኘሁ፤ ቁጥር አርባ ሁለት። ቁጥሬን ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ውስጡ ብጣሽ ወረቀት ነበረች፤ «መልሱ እዚያው ነው። ነገ ጠዋት፣ ቢሮ ሳይከፈት። ወረቀት ይዘህ እንዳትመጣ።»

ለመጣላት ሄድኩ። ሸምበቆው መሀል አቆሙኝና «አሁን አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለህ ቁም» አሉኝ።

«ቆሜ ምን ልሥራ?»

«ምንም። ሥራው እሱ ነው።»

«እትዬ፣ እየሰመጥኩ ነው!»

«በርታ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን እያወቅኸው ነው።»

ቀኝ ቦቴ እዚያው ቀረ፤ አሁንም አለ። ቢሮ ስመለስ ሰነዱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ በእኛ ክፍል ማንም ሰው አንድ ቦታ ላይ ያለ ወረቀት አንድ ሰዓት ሳይቆም ስለዚያ ቦታ አንዲት መስመር አይጽፍም። የሒሳብ ሠራተኛችን ቆማለች። ሾፌራችንም ቆሟል፤ ቆሞ መተኛት እንደሚቻል ያወቅነው ያኔ ነው።

«ባዶ» የሚለው ቃልስ? ማንም «ባዶ መሬት» ካለ ወደ መስኮቱ ሄዶ ረግረጉን እያየ የሚኖሩበትን አምስት ነገሮች ይጠራል። አለቃችን ራሳቸው በአዲስነታቸው ተሳስተው ቃሉን ጣል አደረጉ። እትዬ መስኮቱን ከፈቱላቸው።

«ሸምበቆ» አሉ አለቃችን። «እንቁራሪት። ትንኝ። ወፍ። ሌላ ወፍ።»

«ሌላ ወፍ አይቆጠርም።»

«እንግዲያው ጠዋት ጠዋት አንዲት ሴት አያለሁ፤ ጠርሙስ የያዘች።»

እትዬ «ይቆጠራል» ብለው መስኮቱን ዘጉ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ይህን እንኳን ለእርስዎ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እናቴ የምትኖረው ከረግረጉ በታች ባለው ሰፈር ነበር። እርስዎ በመጡ በሁለተኛው ዓመት ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ጠዋት እናቴ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ውሃው ደጄ ድረስ መጥቶ ቆመ። የመጀመሪያዋን ደረጃ ነክቶ ተመለሰ። እናንተ ምን አድርጋችሁ ነው?»

«ምንም አላደረግንም፣ እማ» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ያን አሮጌ ሰነድ ከመሳቢያ አወጣሁ። የረግረጉን ውሃ ያወጣል ብዬ በማስመሪያ ያሰመርኩት ቦይ የሚያልፈው በእናቴ ቤት ጓሮ ነበር። የሰነዱን እያንዳንዱን ቃል በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ይህን ግን አላወቅሁም። ረግረጉ ደርቆ ቢሆን ያን ሁሉ ውሃ የሚይዘው አልነበረም። ቀጥ ብሎ ወደ እሷ ነበር የሚወርደው።

ለእናቴ የነገርኳት እውነት ነው፤ ምንም አላደረግንም። እንዳናደርግ ያቆሙን እርስዎ ነዎት። እናቴ ከዚያ በኋላ በዚያው ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖራ በገዛ አልጋዋ ላይ አረፈች። እስከ ዛሬ ግን በየጠዋቱ ከእርስዎ ጋር ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «ቦትዎን ጋዜጣ ላይ ያድርጉ፣ ወለሉ ተበላሸ» ከማለት በቀር አመሰግናለሁ ማለት አቃተኝ። አፍሬ ነው። ዛሬ ግን ልጅዎና የልጅ ልጆችዎ ይስሙልኝ፤ አመሰግናለሁ፣ እትዬ። ስለ እናቴ።

ቅሬታዬን በዚህ ዘግቻለሁ። ጥያቄው ቀርቷል።

ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ለረግረጉ የጻፍናቸው ሁለት ፕሮፖዛሎች ወድቀዋል። ሦስተኛው የመጀመሪያውን ማጣሪያ አልፏል። ድጋፉ ዘንድሮም ካልተገኘ ቦታው ለአውቶቡስ ጋራዥ ማስፋፊያ ይሰጣል። ገምጋሚዎቹ በሚቀጥለው ወር በሃያ አራተኛው ቀን ይመጣሉ፤ የሚመጡት ደግሞ ሊያነቡ ሳይሆን ረግረጉን በእግራቸው ሊያቋርጡ ነው። ሳይሰምጡ የሚያሻግረውን መንገድ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔማ ቦቴን የት እንደጣልኩ ታውቃላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ስጠይቅዎ «በቃኝ፤ ቦቴን ለጥበቃው ሰጥቼዋለሁ። ከእንግዲህ ጭቃ አልረግጥም፣ ቁጭ ብዬ የልጅ ልጆቼን ነው የማየው» አሉኝ። መብትዎ ነው። ግን የእርስዎ ቦት ሠላሳ ሰባት፣ የጥበቃው እግር አርባ ሦስት ነው። አውራ ጣቱን እንኳ አላስገባለትም። ስለዚህ ተረክቤው ይኸው፣ ከጠረጴዛው ሥር አለ። አላጠብኩትም፤ ጭቃው የእርስዎ ነው። ልጅዎንም አስፈቅጃለሁ፤ «ወስዳችሁ በጊዜ መልሱልኝ» ብላለች። የልጅ ልጆችዎንም ይዘው ይምጡ። ቦት እንገዛላቸዋለን፤ ቁጥራቸውን እኔም በተራዬ ሰው ጠይቄ ደርሼበታለሁ።

እስቲ ብርጭቋችሁን አንሱ። ጉልበትዎ ይጽና፣ እትዬ። ዕድሜዎ እንደ ረግረጉ ይሁን፤ የመጣው ዝናብ ሁሉ ይግባበት እንጂ አያጥፋው። ለጤናዎ!

ጠጥታችኋል? መልካም። ደብዳቤው ይኸው፣ ቁጥርና ቀን አለው፤ አለቃችን ፈርመውበታል። «በተባለው ቀን መንገዱን ይመሩን ዘንድ እየጠየቅን፣ መልስዎን በሚቀጥለው ወር እስከ አሥራ አምስት፣ እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቁን» ይላል። በሌላ ቀለም የተጻፈ መልስ አልቀበልም፤ በቀይ ይሁንልኝ።