የፋሲካው በግና የሽንት ቤቱ መብራት

(ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረፋዱ ላይ፤ ቀኝ እጃቸው በጄሶ የታሰረው እትዬ አስካለ ልጃቸው ጽጌ ጋ ለመግባት ልብስ ይሸክፋሉ፤ ለግቢው ሽንት ቤት ሰው ሲመጣ በራሱ የሚበራ መብራት የሠራው ጎረቤታቸው ልሳኑ በሩ ላይ ቆሟል።)

እትዬ አስካለ፦ አልፈልግም አልኩህ እኮ። ለማን ልትሠራው ነው? ከሰዓት በኋላ እዚህ የለሁም።

ልሳኑ፦ ለአዲሱ መኝታ ቤትዎ ነው። እግርዎን ከአልጋ ሲያወርዱ በራሱ ይበራል። ዕቃው ቤት አለኝ፤ ቶሎ በይጄ አመጣዋለሁ።

እትዬ አስካለ፦ ለማያይ ሰው መብራት ምን ያደርግለታል?

ልሳኑ፦ እንዲህ አይበሉ እንጂ።

እትዬ አስካለ፦ ምን ልበል ታዲያ? ሽንት ቤቱ ደጃፍ የወደቅኩ ለት ማለዳ ጨለማ ነበር ብዬ ማልኩ። ጮኼ ስትደርሱልኝ ግን መብራቱ ቦግ ብሎ ነበር፤ ሁላችሁም አያችሁት። ጽጌም “እማዬ፣ ዓይንሽ ደክሟል፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም” አለች። ምን ብዬ ልከራከራት?

ልሳኑ፦ ዓይንዎ እኮ...

እትዬ አስካለ፦ አንተው አልነበርክ “ፈትሼዋለሁ፣ መብራቱ ደህና ነው” ያልካት? የሠራው ሰው ይህን ካለ አለቀ። አንተን አምኜ ነው ዓይኔን የካድኩት።

ልሳኑ፦ እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ይቀመጡ።

እትዬ አስካለ፦ በአንድ እጅ የሚሸክፍ ሰው መቀመጫ ጊዜ የለውም። ያለህን ተናገር።

ልሳኑ፦ የጋሽ ወርዶፋ የፋሲካ በግ ትዝ ይልዎታል?

እትዬ አስካለ፦ እንዴት ይረሳኛል! ሽንት ቤቱ አጠገብ ታስሮ፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መብራቱን ቦግ እልም እያደረገ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳን። ግቢው የረገመው ግን አንተን ነው።

ልሳኑ፦ እርግማኑ ሲበዛብኝ ሰው ሲመጣ የሚያየውን ሴንሰር ወደ ላይ አዞርኩት። በጉን እንዳያይ ብዬ፣ ከሰው ደረት በታች ያለውን ሁሉ ከለከልኩት።

እትዬ አስካለ፦ ደግ አደረግህ፤ ተኛን።

ልሳኑ፦ በጉ ታረደ። እኔ መልሼ አላወረድኩትም። በዓሉ፣ ዘመድ ጥየቃው... ረሳሁት።

እትዬ አስካለ፦ እና?

ልሳኑ፦ እና እርስዎ ወገብዎን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት።

እትዬ አስካለ፦ በግ መስዬው ነዋ።

ልሳኑ፦ አላየዎትም። እውነትዎን ነው፣ ጨለማ ነበር። የበራው እኛ ቀጥ ብለን እየሮጥን ስንደርስ ነው።

እትዬ አስካለ፦ መቼ አወቅህ?

ልሳኑ፦ የዚያኑ ለት። ጽጌ ስትጠይቀኝ አፈርኩና ዋሸሁ። ሲመሽ ተደብቄ አወረድኩት። ከዚያ ወዲህ የበላሁት አይጥመኝም፣ እትዬ።

እትዬ አስካለ፦ እኔ አሥር ቀን ሙሉ ግድግዳ እየዳሰስኩ ሄጃለሁ። የሰው ፊት እያየሁ፣ ድምፁን እስክሰማ ድረስ ማን እንደሆነ አላምንም ነበር።

ልሳኑ፦ ይቅር ይበሉኝ።

እትዬ አስካለ፦ እጄስ ይድናል። ሠላሳ ዓመት ከኖርኩበት ቤት ግን በአንድ ቃል አስወጣኸኝ። ይቅርታው ይቆየን። ስልኬ መስኮቱ ላይ ነው፤ ጽጌ ልትወስደኝ ከቤቷ ሳትወጣ ደውልላት።

ልሳኑ፦ እርስዎ ቢነግሯት አይሻልም? እኔ ምን ዓይን አለኝ...

እትዬ አስካለ፦ እኔንማ ማን ያምነኛል?

ልሳኑ፦ ሄሎ፣ ጽጌ? ልሳኑ ነኝ፣ ጎረቤት። የእናትሽ ዓይን ጤነኛ ነው። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።