እስኪያገኘው ድረስ

ዝናቡ ሳይታሰብ ነው የወረደው። ሽማግሌው ፀጉር አስተካካይ የጉልበታቸውን መድኃኒት ገዝተው ሲወጡ ጎዳናው ውሃ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ከመድኃኒት ቤቱ ክዳን ሥር ተጠግተው ቆሙ። ከጎናቸው ጃንጥላዋን የምታራግፍ ወጣት ሴት ነበረች። ቀና ስትል ተያዩ። ሽማግሌው ዞር ሊሉ ፈልገው ነበር፤ መሄጃ ግን አልነበረም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?» አለች።

የሟቹ የሥራ ባልደረባቸው ልጅ ናት። በሱቃቸው አግዳሚ ወንበር ላይ እግሯን እያወዛወዘች ያደገች፣ ኋላም ነገረ መለኮት ተምራ በሌላ ከተማ አስተማሪ የሆነች።

«እናቴ ሁልጊዜ ስለ እርስዎ ታነሳለች» አለች ሰላምታው ካበቃ በኋላ። «ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላሉም። ያስቀየምንዎት ነገር አለ?»

«የምን ቅያሜ ልጄ፤ እርጅና ነው፣ ጉልበቴ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ውሸት አያውቁበትም። «ነይ፣ እዚህ ቆመን ከምንበሰብስ ሱቁ ቅርብ ነው።»

ሱቁ ከተዘጋ ከርሟል። በሩ ሲከፈት የፓውደርና የሳሙና ሽታ ተቀበላቸው። ሁለቱ ወንበሮች ወደ ረጅሙ መስታወት ዞረው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የበሩ ጥግ ያለው የእሳቸው፣ በመስኮቱ በኩል ያለው የጓደኛቸው። ጓደኛቸውን ሰው ሁሉ «ሳቂታው» ነበር የሚለው። ዕድሜ ልካቸውን አብረው ሲሠሩ አንዱ ዝም ብሎ ይቆርጣል፣ አንዱ እያወራ ይቆርጣል። ቸኩሎ የመጣ ደንበኛ እንኳ ወሬው ጥሞት ተራውን ለሌላ ይለቅ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት አባቶች ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጣሉ፤ የሚያለቅስ ሕፃን ሲኖር ሳቂታው መቀሱን አየር ላይ ቅጭ ቅጭ እያደረገ እንደ ወፍ ያፏጭለታል። ሕፃኑ ወፏን ሲፈልግ ፀጉሩ አልቆ ይገኛል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጨፈኑ ያ ሁሉ ዛሬም እዚያው ነው።

ሳቂታው ግን አያምንም ነበር። የመጀመሪያ ልጁ በጨቅላነቱ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አልደረሰም። ሲመክሩት «ግድ የለህም፣ ገሃነምም ብወርድ ፂሙን የሚያስላጭ አይጠፋም» ብሎ ያስቃቸዋል። እንዲያ እንዳለ በድንገት ሞተ። ያኔ የሳቁት ሳቅ አሁን አንጀታቸውን ይቆርጠዋል።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ ሽማግሌው። «እናትሽን ምን ብዬ ላጽናናት? ነፍሱን ይማር ልላት አፌን ስከፍት፣ ልቤ አይማረውም ይለኛል። በሐሰት ከማጽናናት መራቅ ይሻላል ብዬ ቀረሁ። ይኸው ሱቁንም ልሸጠው ነው፤ ያንን ወንበር ማየት አቃተኝ።»

ልጅቷ አልተቆጣችም። ሄዳ የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሐዋርያው ሁሉ በአዳም እንደሚሞቱ እንዲሁ ሁሉ በክርስቶስ ሕያዋን ይሆናሉ ይላል። የመጀመሪያው ‹ሁሉ› አባቴን ይጨምራል፤ ሞቷላ። ከሁለተኛው ‹ሁሉ› ማን አስወጣው?»

«የገዛ እምቢታው ነዋ። ጌታ ራሱ በጎቹን በቀኝ፣ ፍየሎቹን በግራ አቁሞ ወደ ዘላለም ቅጣት ይሄዳሉ ብሎ የለም?»

«ብሏል። ይህን ቃል ዘሎ የሚያልፍ ሰው አይመኑ። በግሪክኛው ግን ‹ዘላለም› የተባለው ቃል ‹ዘመን› ከሚለው የወጣ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ሊሆን ይችላል፣ የሚመጣው ዘመንም ሊሆን ይችላል። ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። ከጥንት አባቶች መካከል ቅጣቱ እንደሚያነጻ፣ በመጨረሻም ፍጥረት ሁሉ ወደ ፈጣሪው እንደሚመለስ ያስተማሩ ነበሩ። አብዛኞቹ ግን አልተቀበሏቸውም፤ ይህንንም አልደብቅዎትም።»

ሽማግሌው ይህን አለመደበቋን ወደዱላት። ሊያሸንፍ ብቻ የሚከራከር ሰው የራሱን ወገን ድካም አይናገርም፤ እውነትን የሚፈልግ ግን ይናገራል፤ ሰሚውም ጆሮውን የሚሰጠው ለእንዲህ ያለው ነው።

«እሺ፣ ሁሉም የሚድን ከሆነ እኔ ለምን ደከምኩ? ደጉና ጨካኙ አንድ ሊሆኑ ነው?»

«አይሆኑም። ፍርድ የለም አላልኩም። ራሱ የቆሰለ ልጅ ሲያመጡልዎት ምን ያደርጉ ነበር?»

«እላጨዋለሁ፤ በመድኃኒት አጥበዋለሁ።»

«ይጮኻል?»

«ሰፈሩን ይቀውጠዋል እንጂ።»

«ቢጮኽም ታዲያ አንገቱን አይቆርጡትም።»

ሽማግሌው ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ቁርጥ የአባቷ አነጋገር ነበር።

«እሳቱስ እንዲያ ቢሆን?» አለች። «አባቴ የዘበተበትን፣ እናቴን ያስለቀሰበትን ሁሉ እውነት ፊት ቆሞ ማየት አለበት። ያቃጥላል። የሚቃጠለው ግን ሊነጻ ነው።»

«እምቢ ቢልስ? አባትሽን አውቀዋለሁ፣ ግትር ነው። እግዚአብሔር ደግሞ ሰውን በግድ አይጎትትም።»

«አይጎትትም፤ ይፈልጋል። እረኛው የጠፋውን በግ የሚፈልገው እስኪያገኘው ድረስ ነው የተባለው። እስኪመሽ አልተባለም፣ በጉ እስኪሞትም አልተባለም። ደግሞ አባቴ የጠላው ልጁን የነጠቀውን ጨካኝ ነው እንጂ እግዚአብሔርን አይደለም። እውነተኛውን አንድ ጊዜ ቢያየው እምቢ የሚል ይመስልዎታል?»

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው በመስታወቱ ውስጥ አዩዋት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ጋሼ። የመንግሥተ ሰማያት በር ቁልፍ በእርስዎ እጅ ቢሆን አባቴን ምን ያደርጉታል?»

«ይኸም ይጠየቃል? ሳያንኳኳ እከፍትለታለሁ።»

«እንግዲያው የእርስዎ ምሕረት ከፈጣሪዎ ምሕረት ይበልጣል?»

ስንቶቻችን ነን ለእግዚአብሔር ክብር የተቆረቆርን እየመሰለን ከራሳችን ልብ የጠበበ ልብ የሰጠነው። ሽማግሌው በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ የያዙት እንባ ያን ጊዜ ወጣ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ እንባቸውን ጠርገው።

«ተስፋ አደርጋለሁ። ይህ ተስፋ ግን ከመጽሐፉ የተቀዳ እንጂ ሐዘን የወለደው ምኞት ብቻ አይደለም። ሰዎች ሁሉ እንዲድኑ የሚወድ አምላክ የወደደው ሳይሆንለት ይቀራል ብዬ ማመን አቃተኝ።»

«እኔንም ሲያቅተኝ ነው የኖረው» አሉ ሽማግሌው። «መናገር ግን ኃጢአት መስሎኝ ነበር።»

እሑድ ወደ መበለቲቱ ቤት ሄዱ። ደጃፉ ላይ ትንሽ አመነቱ፤ እሷ ግን ትናንት የተለያዩ ያህል «ግባ ወንድሜ፣ ሻይ ጥጃለሁ» ብላ ወንበር ሳበችላቸው። ሻዩ ተቀድቶ ሳይቀዘቅዝ የፈሩትን ጥያቄ ጠየቀቻቸው።

«የት ያለ ይመስልሃል?»

«ፈላጊው የማይደክም ነው» አሉ። «ወይ እየፈለገው ነው፣ ወይ አግኝቶታል። ከዚያ ሌላ መሄጃ የለውም።»

መበለቲቱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ሰው ሁሉ ቅጽል ስሙን ለምዶ የረሳውን፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም ቀስ ብላ ጠራች። ሽማግሌውም ተነሥተው በዚያው ስም ጸለዩለት። እሷ ስሙን በጸሎት ማንሳት የተከለከለ መስሏት እስከዚያ ቀን በልቧ ብቻ ትይዘው እንደነበር ያን ጊዜ ተናገረች።

እነሆ የዚያ ቀን ንግግር ያፈራው ይህ ነው። ሽማግሌው ሱቁን መሸጡን ትተው ጉልበታቸው በፈቀደላቸው ቀን ይከፍቱታል። ቀድሞ ስካር የጣለውን ሰው ሲያዩ በልባቸው «የጠፋ» ብለው ያልፉት ነበር፤ አሁን ጠርተው፣ አስቀምጠው፣ ፂሙን ይላጩታል። ሁሉም ይድናል ማለት ሰውን ያሰንፋል ብለው የፈሩት እሳቸው፣ ከቀድሞው ይልቅ ለደግነት ተጉ። መበለቲቱም እንቅልፍ አገኘች። እሑድ እሑድ ሲገናኙ የድሮውን እያነሱ ይስቃሉ፤ ስለ ሟቹ ሲያወሩም «እንዲህ ይል ነበር» ብቻ ማለት ትተው፣ «ስንገናኝ እንዲህ ይለናል» ማለት ጀምረዋል።