ሶደሬ የከረመው መለኪያ

ጥንቃቄዬ ያዋረደኝን ላውራችሁ። ወለንጪቲ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ። አንዲት የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ባለው የብራና መጻሕፍት ክፍል ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አስቀምጣ፣ «አባባ፣ አደራ እንዳይጠፋ!» ብላኝ ሄደች። እኔም ሌባ ፈርቼ አንስቼ ኮቴ ኪስ ከተትኩት፤ ከዚያም አላወጣሁትም።

በወሩ ተመልሳ መዝገቡን ስታይ ደነገጠች። አስተዳዳሪያችንን፣ «አባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉ በእንፋሎት ይታፈናል። መጻሕፍቱ ሳይበላሹ አዲስ አበባ ይወሰዱ» አለቻቸው።

መጻሕፍቱ ሊሄዱብን ነው! «ልጄ፣ እነሱ ደህና ናቸው» አልኩ በላብ ተጠምቄ፤ «ቅዳሜ ለጉልበቴ ሶደሬ ፍል ውሃ የምገባው እኔ ነኝ። መሣሪያሽ እንፋሎቱ አጠገብ በምሰቅለው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።»

እሷ በሳቅ ፈነዳች። አስተዳዳሪው ግን ፈገግም አላሉ። «ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ቤቱን ማን ነበር የሚጠብቀው?»

«መሣሪያው» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ለካ እሱም ከእኔ ጋር ሶደሬ ነበር።